ቪፒኤን፣ ቶርና «ማንም አያውቀኝም»፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ ሞባይል ስጠግን ደንበኞች የማይተዉኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያስቸግረው እሄዳለሁ።

ኢንኮግኒቶ ከፍቼ ስጠቀም ማንም አያየኝም አይደል?

ኧረ ይታያል። ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም የብሮውዘራችሁ «የግል» ገጽ፣ የሚሸሽጋችሁ ስልካችሁን አንስቶ ከሚያይ ሰው ብቻ ነው። ገጹን ስትዘጉ ሂስትሪው ስልኩ ላይ አይቀርም፤ ሥራው ይሄው ነው። መስመር የሰጣችሁ ድርጅት፣ የካፌው ዋይፋይ ባለቤት፣ የገባችሁበት ድረ ገጽ ሁሉም እንደ ወትሮው ያያሉ።

ጉግል በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ ነበር። ሰዎች ተደብቀናል ብለው ሲጠቀሙ እንቅስቃሴያቸውን ትሰበስባለህ ነው ክሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሊያጠፋ ተስማማ። ስልክ የሚዋዋስ ቤተሰብ ውስጥ ኢንኮግኒቶ ይጠቅማል። ከዚያ አልፎ አትመኑት።

ቪፒኤን ካልከፈትኩ መስመር የሰጠኝ ድርጅት ምን ምኑን ያያል?

አሁን አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ያነበባችሁት፣ የጻፋችሁትና የይለፍ ቃላችሁ ተመሥጥሮ ነው የሚያልፈው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ማየት የሚችሉት የድረ ገጹን ስም፣ የገባችሁበትን ሰዓትና የወሰዳችሁትን የዳታ መጠን ነው። ዩቲዩብ መግባታችሁ ይታወቃል፤ የትኛውን ቪዲዮ እንዳያችሁ አይታወቅም። ግን ስለ አንድ በሽታ ብቻ የሚጽፍ ድረ ገጽ ሌሊት ሌሊት ደጋግማችሁ ከከፈታችሁ ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ስለሆነ ይህ ሁሉ ከስማችሁ ጋር ይገናኛል። ስልካችሁ በየትኛው የኔትወርክ ማማ ሥር እንዳለም ይታወቃል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ስልኩ ማማ እየቀያየረ ነው የሚሄደው፤ ይህን ደግሞ ቪፒኤን ጨርሶ አይነካውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ይዘቱን ሳይሆን ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን ማለት ነው።

ታዲያ ቪፒኤን የሚደብቀው ምኑን ነው?

ልጅ ሱቅ እንደ መላክ ነው። ባለሱቁ የሚያየው ልጁን እንጂ እናንተን አይደለም። ጎረቤት ያየው ልጁ ከቤት መውጣቱን ብቻ ነው። ምን እንዳስገዛችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንቴ እንደላካችሁት ግን ልጁ ልቅም አድርጎ ያውቃል።

ስልካችሁ መረጃውን መሥጥሮ ወደ ቪፒኤኑ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ በእናንተ ፈንታ ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል። ድረ ገጹ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ስለሚያይ፣ ሰርቨሩ አምስተርዳም ከሆነ እናንተም አምስተርዳም ያላችሁ ይመስለዋል። መስመር ሰጪያችሁ ቪፒኤን መክፈታችሁን ሊያውቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያይም። እሱ ያውቅ የነበረውን አሁን የሚያውቀው የቪፒኤኑ ኩባንያ ነው። እምነቱ አልቀረም፣ ዞረ እንጂ። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ከማን እንደምትደበቁና በምትኩ ማንን እንደምታምኑ ለራሳችሁ መልሱ።

ቪፒኤን ከፍቼ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ስገባ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?

በስልክ ቁጥራችሁ ነው እኮ የገባችሁት! አይፒው ኔዘርላንድ ቢልም ኬንያ ቢልም አካውንታችሁ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ለነሱ ያው ናችሁ። ሎኬሽን ካልዘጋችሁ ደግሞ ጂፒኤሱ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ናቸው ይላል፣ አይፒው አምስተርዳም ናቸው ይላል። አፑ የትኛውን እንደሚያምን መገመት አያቅትም።

አካውንት ውስጥ ባትገቡም ብሮውዘራችሁ ያሳብቃል። የስክሪን ስፋት፣ የቋንቋ ምርጫ፣ ፎንት፣ የሰዓት አቀማመጥ ሲደማመሩ አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለይ አሻራ ይሆናሉ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከፈተሻቸው ብሮውዘሮች 83.6 በመቶ የሚሆኑት ከማንም ጋር የማይመሳሰል አሻራ ነበራቸው። ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የአዲስ አበባ፣ አይፒው የስዊድን የሆነ ስልክ ስንት ይኖራል?

ነጻ ቪፒኤን ምን ችግር አለው? ለእኔ እየሠራልኝ ነው

መሥራቱንማ ይሠራል። ሱቅ ከሚመጡት ስልኮች ሦስት አራት ቪፒኤን የተደረደረባቸው ብዙ ናቸው። ቅሬታው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ባትሪው አይበረክትም፣ ስልኩ ይግላል፣ ፓኬጁ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሴቲንግ ገብተን የአፑን ፈቃዶች ስናይ ኮንታክት፣ ሎኬሽን፣ ፋይል፣ አንዳንዴም ማይክሮፎን ተፈቅዶለታል። መረጃ አሳላፊ የሆነ አፕ የእናታችሁን ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ሰርቨር ኪራይ አለው፤ የሆነ ሰው ይከፍላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የሚባል ኩባንያ ገዝቶ ነጻ ቪፒኤኑን ያቀርብ ነበር። «ይጠብቃችኋል» እየተባለ ሰዎች የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ይሰበስብበት ነበር፤ ተፎካካሪዎቹን የሚከታተለው በዚያ ነው። አፕል ደንቤን ይጥሳል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕ ስቶር እንዲወጣ አደረገ። ሆላ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የነጻ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ደንበኞች ሲሸጥ ተገኘ። የማታውቁት ሰው በእናንተ አይፒ ኢንተርኔት ይገባል ማለት ነው፤ እሱ ያጠፋው ጥፋት ዱካው እናንተ ቤት ነው የሚያደርሰው። ዩፎ ቪፒኤን «ምንም አንመዘግብም» ሲል ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የተጠቃሚዎቹ መዝገብ ያለ አንዳች ጥበቃ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። የይለፍ ቃሎቹ እንኳ አልተመሠጠሩም ነበር።

ጥቂት ዋልጌዎች ናቸው ብላችሁ እንዳታልፏቸው። የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን ፈትሸው ነበር፤ 283 አፖች። 38 በመቶዎቹ ላይ የማልዌር (የጎጂ ሶፍትዌር) ምልክት አገኙ። 18 በመቶዎቹ ጭራሽ ምንም አይመሠጥሩም። ስሙ ብቻ ነው ቪፒኤን የሆነው።

ልጄ ቪፒኤን ጭኗል። ምን እየደበቀኝ ነው?

አብሽሩ። ብዙ ጊዜ ከእናንተ የሚደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲዘጉ ያልጫነ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መዘጋቱ ለወራት ስለቆየ አፑም ስልኩ ላይ ከረመ። ልጁን ከመቆጣት የትኛውን እንደጫነ እዩ። የማይታወቅ ነጻ አፕ ከሆነ አስጠፉት።

«ሎግ (የአጠቃቀም መዝገብ) አንይዝም» የሚለውን ቃላቸውን ልመን?

ማስታወቂያው ላይማ ሁሉም ይላሉ። እውነቱ የሚታወቀው ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ነው፤ ደግነቱ አንዳንዶቹ በዚህ ተፈትነዋል።

ፒዩር ቪፒኤን ሎግ አንይዝም ባዮች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሴት በኢንተርኔት እያሳደደ በማስጨነቅ ሲከሰስ፣ ያው ደንበኛ ከቤቱም ከመሥሪያ ቤቱም መግባቱን ያሳየው የኩባንያው መዝገብ ነው። ሰውየው መያዙ ደግ ነው። ግን የለም የተባለው መዝገብ ከየት መጣ? አይፒቫኒሽም እ.ኤ.አ. በ2016 ለአሜሪካ መርማሪዎች የደንበኛ መረጃ ሰጥቷል፤ ነገሩ አደባባይ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፍቢአይ ጠይቆት የሚረባ ነገር ሊያቀርብ አልቻለም፤ አልነበረውምና። የስዊድኑ ሙልቫድ ቢሮም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ፖሊሶች የፍተሻ ትእዛዝ ይዘው ገብተው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል።

ሙልቫድ ስትመዘገቡ ኢሜይል እንኳ አይጠይቅም፤ የአካውንት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በቃ። ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ቢላክለትም ይቀበላል። ያልያዘውን ማንም አስገድዶ ሊቀበለው አይችልም። ለእኔ መለኪያው ይሄ ነው፦ የገባውን ቃል ትታችሁ ምን እንደሚጠይቃችሁ እዩ። ባለቤቱ ይታወቃል ወይ? የውጭ ባለሙያ መርምሮት ውጤቱን አውጥቷል ወይ? አንዳንዱ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ያለው አድራሻ አንድ ጂሜይል ብቻ ነው። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ገመናችሁን የምትሰጡት።

ታዲያ የቱን ልጠቀም? በዶላር መክፈል አልችልም

ዋናው ችግራችን ይሄ ነው። ሙልቫድ በወር 5 ዩሮ ነው፤ ግን ውጭ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ከነጻዎቹ እኔ የምጠቁመው ፕሮቶን ቪፒኤንን ነው። ስዊዘርላንድ ያለ የታወቀ ኩባንያ ነው፤ ነጻው ማስታወቂያም የዳታ ገደብም የለውም። ወጪውን የሚችሉለት ከፍለው የሚጠቀሙት ናቸው። አገር አያስመርጥም፤ አንዳንዴም ይጎተታል።

ሳይፎን እዚህ በጣም የታወቀ ነው። የተዘጋ ነገር ለመክፈት ጎበዝ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ገመና ለመጠበቅ እንዳልተሠራ አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈውታል። መክፈትና መደበቅ ለየቅል ናቸው። ደንበኞቼ በብዛት የሚያምታቱት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ዳታ ሲቋረጥ ቪፒኤን ለምን አይሠራም?

ቪፒኤን የሚሄደው በዚያው መስመር ላይ ስለሆነ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ «የሚሠራ ቪፒኤን የለህም?» የማይል ሰው አልነበረም። አንድ አፕ ሲዘጋ ቪፒኤን መተላለፊያ ይፈልጋል፤ መስመሩ ራሱ ሲጠፋ ግን የትም አይሄድም። «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ» ብሎ አፕ የሚልክላችሁ ሰው ወይ አልገባውም ወይ ሊሰርቃችሁ ነው።

የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ላይ ቪፒኤን ያስፈልገኛል?

እዚህ ጋ በእውነት ይጠቅማል። ዋይፋዩን የዘረጋው ሰው የምትገቡባቸውን ድረ ገጾች ስም ማየት ይችላል፤ የሆቴሉን ስም አስመስሎ የራሱን ዋይፋይ የሚከፍት ሌባም አለ። የባንክ አፖች በራሳቸው ይመሠጥራሉ፤ ያም ሆኖ ገንዘብ የምታስተላልፉ ከሆነ ዋይፋዩን ዘግታችሁ በራሳችሁ ዳታ ጨርሱ። ከማንኛውም ቪፒኤን ይቀላል።

ቪፒኤን መጠቀም ወንጀል ነው?

አዋጆቹ የሚጠይቁት የተሠራውን ሥራ ነው። ማጭበርበር፣ ማስፈራራት፣ የሰው አካውንት ሰብሮ መግባት በ958/2008 ያስጠይቃል፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012። በቪፒኤን ተሠራ፣ በፌክ ስም ተሠራ፣ ለውጥ የለውም።

በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃችሁን የሚይዝ ድርጅት ለምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ ስሕተት ካለ የማሳረም መብት ይሰጣችኋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባሕር ማዶ ያለ ስም የለሽ የቪፒኤን ባለቤትን በዚህ አዋጅ እከሳለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ።

የካምፓስ ኮንፌሽን ቻናል ላይ ስሜን ሳልጠቅስ ጻፍኩ። ይታወቅብኛል?

አንባቢው አያውቅም። መልእክቱን የሚቀበለው ቦት (በራሱ የሚሠራ የቴሌግራም አካውንት) ባለቤት ግን ማወቅ ይችላል። ለቴሌግራም ቦት መልእክት ስትልኩ የአካውንታችሁ መለያ ቁጥር፣ ያስገባችሁት ስምና ዩዘርኔማችሁ አብሮ ይደርሰዋል። ስልክ ቁጥራችሁ ካላጋራችሁት አይደርሰውም። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ያለ ተማሪ ነው፤ አንዳንዴም የዶርም ጓደኛችሁ። ቪፒኤን ብትከፍቱ እዚህ ላይ ቅንጣት ለውጥ አያመጣም።

ደግሞም ሰው ራሱን በራሱ ያጋልጣል። «ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ነኝ፣ ከሐይቅ ነው የመጣሁት፣ ባለፈው ሳምንት ላይብረሪ ጋ የወደቅኩት እኔ ነኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ስም ባይጽፍ ምን ዋጋ አለው? የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወሬ ከዋይፋዩ ይፈጥናል።

ቴሌግራም፣ ሲግናል፣ ፕሮቶን ሜይል፦ የቱ ምስጢር ይጠብቃል?

ቴሌግራም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ተራው ቻት ሰርቨራቸው ላይ ይቀመጣል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማይፈታው «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ለይታችሁ የከፈታችሁት ብቻ ነው። መሥራቹ ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024፣ ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበ የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና አይፒ አሳልፎ እንደሚሰጥ ደንቡ ላይ ጻፈ። ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተገዶ ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና መጨረሻ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ አልያዘም።

ፕሮቶን ሜይል የኢሜይሉን ይዘት አያነብም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት አስገድደውት የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች አይፒ መዝግቦ ሰጥቷል። ዛሬ የማይመዘግብ ነገ «ይህን ሰው መዝግብ» ሊባል ይችላል፤ እምቢ ማለት አይችልም። ነገሩ አዲስም አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ፔኔት የሚባል የላኪን ስም እየደበቀ ኢሜይል የሚያስተላልፍ አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በፖሊስ ትእዛዝ የአንድ ተጠቃሚ ማንነት ወጣበት፤ በዓመቱ ባለቤቱ ራሱ ዘጋው። ሁሉም ምስጢር አንድ ሰው እጅ ላይ ከተቀመጠ ያ ሰው ይጨመቃል።

ቶር ከቪፒኤን በምን ይለያል?

ምስጢሩን አንድ ሰው እጅ ላይ ባለማስቀመጡ። መረጃችሁ በሦስት ሰርቨሮች በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው እናንተን ያውቃል፤ የምትሄዱበትን አያውቅም። የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፤ እናንተን አያውቅም። መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። ሐሳቡ የተጸነሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን ሰርቨሮቹን የሚያንቀሳቅሱት በመላው ዓለም ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነጻ ነው። ግን ዘገምተኛ ነው፤ ቪዲዮ ልይበት ካላችሁ ትመረራላችሁ።

ክፍተት ግን አለው። የመጨረሻው ሰርቨር ያልተመሠጠረ ነገር ካለፈበት ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የስዊድን የደኅንነት ባለሙያ አምስት የመውጫ ሰርቨሮች ከፍቶ የኤምባሲዎችን ጭምር የኢሜይል ይለፍ ቃሎች ሰብስቧል። ቶር ምስጢር ይጠብቃል ብለው ያላመሠጠሩ ሰዎች ነበሩ። መግቢያውንም መውጫውንም አንድ ላይ የሚያይ ኃይል ካለ ደግሞ ሰዓቱንና መጠኑን አመሳክሮ ሊያገናኛችሁ ይችላል። ብዙዎች የተያዙት ግን ቶር ተሰብሮ አይደለም። ሲልክ ሮድ የተባለው የድብቅ የኢንተርኔት አደንዛዥ ዕፅ ገበያ መሥራች ሮስ ኡልብሪክት ዱካው የተገኘው ገበያውን ባስተዋወቀበት ቅጽል ስም ሌላ ጊዜ በራሱ ስም የተከፈተ ጂሜይል አድራሻ ስለጻፈ ነው።

ቶር መጠቀሜ ራሱ ይታወቃል?

ይታወቃል፤ ለትንሽ ከተማ ትልቁ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና እንዲቀርለት ብሎ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በቶር ላከ። ኢሜይሉ በቶር መምጣቱ ታወቀ። መርማሪዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ሰዓት በግቢው ዋይፋይ ቶር የከፈተ ማን ነበር? ተገኘ፣ አመነ። ቶር ምንም አልተሰበረም። ሃርቫርድ ውስጥ ከሺዎች መካከል እንዲህ ከተለየ፣ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሌሊት ቶር የሚከፍተውን ሰው ለመቁጠር ጣት ይበቃ ይሆናል።

እዚህ አገር ቶር ራሱ ታግዶ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የትራፊኩን ዓይነት እየለየ የሚያግድ ቴክኖሎጂ መግባቱን የቶር ሰዎች ይፋ አድርገዋል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ስኖውፍሌክን የመሳሰሉ «ድልድዮች» አሉ፤ ቶር ብሮውዘር ሴቲንግ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ቶር መሆኑን ለመለየት ያስቸግራሉ። ፈጽሞ እንዳይለይ ያደርጋሉ ብዬ ግን አልምልላችሁም።

በፌክ አካውንት ከጻፍኩስ ማን ያውቀኛል?

ጎረቤታችሁ። ፌስቡክማ አካውንቱን የከፈታችሁበትን ስልክና ኮንታክታችሁን ስለያዘ «የምታውቋቸው ሰዎች» ብሎ እህታችሁን ያመጣላችኋል፤ ለእህታችሁም እናንተን። ግን ከቴክኖሎጂው በላይ አጋላጭ የሆነው አጻጻፋችሁ ነው። የምትደጋግሙት ቃል፣ የምትስቱት ፊደል፣ ሁሌ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መለጠፋችሁ፣ ፎቶው ጀርባ ላይ የጦሳ ተራራ በየትኛው ጎን እንደሚታይ። የደሴ ሰው ፎቶውን አይቶ «ይሄ ከሆጤ በላይ ነው የተነሳው» ይላችኋል።

ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ፍለጋዎች ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ለቀቀ። ጋዜጠኞች በአንድ ቁጥር ሥር ያሉትን ፍለጋዎች አንብበው በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንዲት አዛውንት ቤት ድረስ ሄዱ። ሴትየዋ የከተማዋን አትክልት አስዋቢዎችና የዘመዶቿን ስም ፈልጋ ነበር። ይኸው በቃ።

የምሠራበት ፋብሪካ ጥፋት እየሠራ ነው። ሳልታወቅ ሰነዱን ለጋዜጠኛ መላክ እችላለሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት ከኮምቦልቻ የሚመጡ ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሚጀምሩት «የትኛው ቪፒኤን ይሻላል?» ብለው ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሰነዱን ያዩት ስንት ሰዎች ናቸው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ሰነድ ለጋዜጠኞች ሲደርስ መርማሪዎቹ ማን እንዳተመው ፈተሹ። ያተሙት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከስድስቱ ከዚያ ሚዲያ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ኢሜይል የተጻጻፈችው አንዷ ነበረች፤ አለቀ። ብዙ ባለቀለም ሌዘር ፕሪንተሮች ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በዓይን የማይለዩ ቢጫ ነጠብጣቦች ያትማሉ። ነጠብጣቦቹ የፕሪንተሩን ቁጥርና የታተመበትን ሰዓት ይናገራሉ። የአንድ ክፍል የደመወዝ ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለና ያንን የሚያገኙት እናንተና አለቃችሁ ብቻ ከሆናችሁ ሲግናልም ቶርም አያስጥሏችሁም።

በፎቶ ከላካችሁ ፎቶው ውስጥ የተነሳበት ሰዓት፣ የስልኩ ሞዴልና ሎኬሽን ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የማካፊ አንቲቫይረስ መሥራች ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፖሊስ ሸሽቶ ሳለ ጓቲማላ መሆኑ የታወቀው ጋዜጠኞች ከለጠፉት ፎቶ ላይ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲላክ ይህን ይፍቀዋል፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ለጋዜጠኛው ዋናውን ሰነድ ከመስጠት በፊት የሰማችሁትን በቃል መንገር ይሻላል፤ እሱ በራሱ መንገድ ያጣራው። ሲግናልን ተጠቀሙ፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስልክ ቁጥር ደብቆ በዩዘርኔም ብቻ መገናኘት ይቻላል። መልእክቶቹ በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ አድርጉት።

የምታጋልጡት ነገር ወንጀል ከሆነ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ እናንተን ይሸፍናል ወይ የሚለውን ከመላካችሁ በፊት ጠበቃ ይመልስላችሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና ከመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ላይ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ነገር አትፈልጉ። ይህን ገጽም ጭምር።